«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፦ ምሳሌው የሚወቅሰው ምኑን ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ከሲያትል ደውላ «ጋሼ፣ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ የሥራ ጥሪ መጣልኝ» አለችኝ። አራት መቶ ያህል ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ ለክሊኒኮችና ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር ስትሸጥ ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። በማግሥቱ እናቷ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳትጨርስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ምከራት» አለችኝ።

እህቴ ምሳሌውን የተረዳችው እንደ አብዛኛው ሰው ነው፦ ያለሽ ይበቃሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ። እኔ ግን ምሳሌው እንዲህ የሚል አይመስለኝም። ወደተወለደበት ቤት ገብቶ ማየት ይበጃል።

ቆጥ በገጠር ቤት ውስጥ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ የሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ዶሮ የሚያድርበትም ርብራብ ቆጥ ይባላል። አይጥና ሕፃን እንዳይደርስበት የተፈለገ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይወጣል። ሴትዮዋ ከውጭ ገብታለች እንበል፤ በብብቷ አንድ ነገር ሸጉጣለች። ቀና ስትል ቆጡ ላይ ሌላ ነገር ታያለች፤ እጇን ትዘረጋለች። ብብት ደግሞ የያዘውን የሚይዘው ክንድ ከጎን ጋር እስከተጣበቀ ድረስ ብቻ ነው። የማያምን ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ሻንጣ ለማውረድ ይሞክር። ሌባ አልመጣባትም፣ የገፋትም የለም፤ ዕቃዋን ያስጣላት የገዛ ክንዷ መነሣት ነው።

አነጋገሩንም ልብ ብላችሁ ስሙት። «የቆጡን» ሲል ምኑን? «የብብቷን» ሲልስ ምኑን? ቅቤ ይሁን እንቁላል አይነግረንም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕቃ እንዲያስገባበት ክፍት ትቶታል። ብብቱ «ብብቷ» ነው፣ የእሷ፤ ቆጡ ግን ቆጡ ብቻ ነው፣ ባለቤቱ አልተነገረም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግሡ ነው። «አወርድ ብላ» ይላል እንጂ «አወረደች» አይልም። «ጣለች» ግን ያለቀለት ነገር ነው። የቆጡ ዕቃ ይውረድ አይውረድ ሳናውቅ ዐረፍተ ነገሩ ያበቃል።

ታዲያ ምሳሌው መመኘቷን የት ላይ ነቀፈ? ቆጥማ የተሠራው ሊያወርዱበት ነው። ነቀፌታው የያዘችውን መሬት ሳታስቀምጥ እጇን በማንሣቷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ይህ ነገር ከሌላው ሙያ ይልቅ ሽያጭ ላይ ይበረታል። የሒሳብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ሲቀይር ደመወዝን ከደመወዝ አነጻጽሮ ሊወስን ይችላል። በአሜሪካ የሶፍትዌር ሽያጭ ውስጥ ግን ገቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ግማሽ ያህሉ ቋሚ ደመወዝ፣ ግማሽ ያህሉ የተመደበው የሽያጭ መጠን (ኮታ) ሲሞላ የሚገኝ ኮሚሽን። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ድምሩ ነው። በእህቴ ልጅ ብብት ያለው ደግሞ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፦ ስልኳን ባየ ቁጥር የሚያነሣው የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፣ 11 ወር ያባበለችውና ገና ያልፈረመው ሆስፒታል፣ ተፈርሞ ክፍያው የሚጠበቀው ውል። ብዙ የኮሚሽን ስምምነቶች ገንዘቡ የሚከፈለው በመክፈያው ቀን ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ብቻ ነው ይላሉ።

ይህችን አንቀጽ በቃሌ የማውቃት አለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 እኔም ሽያጭ ላይ ሳለሁ የተሻለ ደመወዝ አገኘሁና ዓርብ ቀን ለቀቅሁ። ኮሚሽኔ የሚከፈለው በቀጣዩ ወር 15ኛ ቀን ነበር፤ 6,200 ዶላር። ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነብ ነገሩ ገጽ 4 ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከሥሩም የገዛ ፊርማዬ ተቀምጣለች።

ወደ ቆጡ እንመለስ። የትልቅ ኩባንያ ስም በር ይከፍታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የማያውቁሽ ሰዎች ስልክ ያነሡልሻል። ነገር ግን የምትሸጪላቸውን ደንበኞች ዝርዝር የሚሰጥሽ ኩባንያው ነው፤ የበጀት ዓመት ሲለወጥ እንደገና ይሸነሸናል። ማይክሮሶፍት የበጀት ዓመቱን የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ እዚያ የሚሸጡ ጓደኞቼ ወሩ ሲቃረብ ማን የማንን ደንበኛ እንደሚወስድ ከመገመት ሌላ ወሬ የላቸውም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከደመወዙ በላይ ለሠራተኛው የሚሰጡት አክሲዮንም አለ። ደብዳቤው ላይ ትልቅ ቁጥር ሆኖ ይታያል፤ የሚገባው ግን ተቆራርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት ነው። አማዞን ለዓመታት በታወቀበት አሠራር በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15 በመቶ ይሰጥና ቀሪው 80 በመቶ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ይቆያል። እርግጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጉድለት በጥሬ ገንዘብ ይደጉማል። ቢሆንም በሁለተኛው ዓመት የተሰናበተ ሰው ስለዚያ 80 በመቶ የሚለው ያው የአያቶቻችንን ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። «ትልቅ ስለሆነ አያሰናብትም» የሚል ካለ ጃንዋሪ 2023ን ያስታውስ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ አማዞን ከ18,000 በላይ፣ የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት 12,000 ያህል፣ ማይክሮሶፍት 10,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። መካከለኛ ድርጅቶችም ያሰናብታሉ፤ የማንሰማው የእነሱ ዜና ስለማይሆን ነው።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላትም። የኮሚሽን ስምምነትሽን አውጪና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አነበበች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝግ አለ። «በመክፈያው ቀን በሥራ ላይ ያለ…» ብላ ቆመች። የቀረውን ሳታነብ «ጋሼ፣ ሆስፒታሉ እኮ በዚህ ወር ሊፈርም ነው» አለችኝ። «አዲሶቹ መቼ ጀምሪ አሉሽ?» ብላት በሁለት ሳምንት ሆኖ ተገኘ።

ስድስት ሳምንት እንዲታገሷት ጠየቀች፤ አምስት ሰጧት። እናቷ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ቀረች ማለት ነው?» አለችኝ፤ አልቀረችም ብላት ተበሳጨች፣ ምሳሌውንም ደገመችልኝ።

ሆስፒታሉ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ፈረመ። ኮሚሽኑ የሚገባው ከነገ ወዲያ ነው። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ቀኑ ብቻ ክፍት ቀርቶ፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሷም በቀን ሦስት ጊዜ የባንክ ሒሳቧን ከፍታ ታያለች።