ኢንሰርት፣ ኦቨርራይት ወይስ ኖርማል? በክፍት ምንጭ የቪዲዮ ሶፍትዌሮች ክርክር ውስጥ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

በኬደንላይቭ፣ በሾትከት ወይም በፍሎውብሌድ፣ ማለትም በነጻ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች፣ የሚሠሩ ሰዎች የማይሰለቻቸው አንድ ክርክር አለ። ክሊፕ (የቪዲዮ ወይም የድምፅ ቁራጭ) ጎትተን ታይምላይኑ (ክሊፖች በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ሰሌዳ) ላይ ስንጥል፣ ቀድሞ ቦታውን የያዘው ክሊፕ ምን ይሁን? ኬደንላይቭ ለዚህ ሦስት ሁነታዎች አዘጋጅቷል። በኖርማል አንድ ክሊፕ በዚያው ትራክ (የታይምላይኑ አንድ ረድፍ) ላይ ባለ ሌላ ክሊፕ ላይ አይወጣም። በኦቨርራይት አዲሱ የነበረውን እየሰረዘ ቦታውን ይይዛል። በኢንሰርት ደግሞ የነበረው ተቆርጦ ወደ ቀኝ ይገፋል። ሾትከት በበኩሉ ሪፕል የሚባል ማብሪያና ማጥፊያ አለው፤ ሲበራ ይገፋል። «ነባሪው ሁነታ (ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይዞት የሚመጣው) ይቀየር»፣ «ይህኛው ይውጣ»፣ «ያኛው ይጨመር» የሚል ሐሳብ በቀረበ ቁጥር ከደጋፊም ከተቃዋሚም የሚሰሙ፣ ነገር ግን ውሃ የማይቋጥሩ መከራከሪያዎች አሉ።

«ኢንሰርት የባለሙያ ነው፤ ኖርማል የጀማሪ ነው።»

ልዩነቱ ከሙያ ደረጃ ጋር አይገናኝም። በፊልም ዘመን ቁራጭ ሲጨመር ጠቅላላው ጥቅል ይረዝም ነበር። በቪዲዮ ቴፕ ግን ቴፑን ማስረዘም ስለማይቻል በነበረው ላይ ይቀዳ ነበር። በሁለቱም ዕድሜያቸውን የፈጁ ባለሙያዎች ነበሩ። ዛሬም የሚወስነው ሥራው ነው። ገና ቅርጽ ያልያዘ ዘጋቢ ፊልም ሲገጣጠም ኢንሰርት ይመቻል። የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ግን የዘፈኑ ርዝመት የተወሰነ ነው፤ አንድ ምስል ሌላውን በገፋ ቁጥር የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ ይለያያሉ። እዚያ ኦቨርራይት የግድ ነው።

«ኢንሰርት ከሆነ ሁሉም ነገር አብሮ ይገፋል።»

ይህ ብዙ ሥራ ያበላሸ እምነት ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን እንየው። የ3 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ አለን እንበል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)። ተናጋሪዋ በመጀመሪያው የቪዲዮ ትራክ ላይ ናት። ከእሷ በላይ ባለው ትራክ የጠቀሰችው ሰው ስም የተጻፈበት ጽሑፍ ልክ 1፡40 ላይ ይወጣል። ከታች ሙዚቃ አለ። አሁን 0፡20 ላይ የ4 ሰከንድ ፎቶ እናስገባ።

ሾትከት ላይ ሪፕል ብቻ ከበራ የሚገፋው ያ አንድ ትራክ ነው። ከፎቶው በኋላ ያለው የተናጋሪዋ ንግግር በሙሉ 100 ፍሬም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጽሑፉ ግን የትም አልሄደም። ስሙ 1፡40 ላይ ይወጣል፤ እሷ ስሙን የምትጠራው 1፡44 ላይ ነው። 0፡20 አካባቢ አጉልቶ እየሠራ ያለ ኤዲተር ይህን አያይም፤ የሚያየው ቪዲዮው ተጠናቆ ሲወጣ፣ ካልታደለም ከደንበኛው አፍ ነው።

ሁሉንም ትራክ የሚገፋው ሪፕል የተለየ ቁልፍ ነው። እሱ ሲበራ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል፤ ጥያቄው ግን አላበቃም። 0፡20 ላይ እየተጫወተ ያለው ሙዚቃ ይቆረጥ ወይስ ሳይነካ ይለፍ? ቢቆረጥ መሐል ላይ የ4 ሰከንድ ዝምታ ይፈጠራል። ባይቆረጥ ከእሱ በኋላ ያሉት ድምፆች ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ሁሉንም የሚያስማማ መልስ የለውም፤ እኔ ሙዚቃውን ቆልፌ እጀምራለሁ፤ የተቆለፈ ትራክ አይነቃነቅም። ኬደንላይቭ ደግሞ የትኞቹ ትራኮች ንቁ እንደሆኑ ተጠቃሚው ራሱ እንዲወስን ያደርጋል። ስለዚህ «ኢንሰርት ነባሪ ይሁን» የሚል ሰው ቀጥሎ መመለስ ያለበት፣ በስንት ትራክ ላይ የሚለውን ነው። አብዛኛው ክርክር እዚህ ሳይደርስ ይጋጋላል።

«ነባሪው ከተቀየረ የድሮ ፕሮጀክቶቼ ይበላሻሉ።»

ሁነታ የማውሱን ጠባይ እንጂ የተሠራውን ሥራ አይነካም። የተቀመጠ ፋይል ክሊፖቹ የት እንዳሉ እንጂ በምን ሁነታ እንደተጣሉ ምንም ግድ የለውም። ሰዎች የሚያደባልቁት ከሌላ ለውጥ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኬደንላይቭ 19.04 ከ60 በመቶ በላይ የውስጥ ኮዱ ተቀይሮ የመጣ እትም ነበር፤ የአንድ ክሊፕ ምስልና ድምፅም በየራሳቸው ትራክ ተለያይተው መቀመጥ ጀመሩ። በ20.08 ደግሞ የፋይሉ አቀማመጥ ስለተቀየረ በእሱ የተቀመጠ ፕሮጀክት በቀደሙት እትሞች አይከፈትም። ፍርሃቱ ለዚያ ቢሆን ተገቢ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ የፕሮጀክቱን ቅጂ ማስቀመጥና፣ በሊኑክስ ከሆነ፣ የድሮውን እትም አፕኢሜጅ (ሳይጫን የሚሠራ የፕሮግራም ፋይል) አለመሰረዝ።

«የሚሸጡት ሶፍትዌሮች ይህን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል፤ እነሱን መቅዳት ነው።»

አልጨረሱትም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ቴንን ሲያወጣ ክሊፖች እርስ በርስ ተሳስበው ክፍተት የሚዘጉበት ታይምላይን ይዞ መጣ፤ የቀድሞውን ፕሮጀክትም አይከፍትም ነበር። የተነሳው ቁጣ ቀላል አልነበረም፤ ብዙዎች ወደ ሌላ ሶፍትዌር ኮበለሉ። ዛሬም ያንን ታይምላይን የሚምሉበትም የሚያማርሩትም አሉ።

«በሴቲንግ ምርጫ ይጨመርና ሁሉም ደስ ይበለው።»

ፍሎውብሌድ ሞክሮታል። 2.0 ሲመጣ መጀመሪያ ለሚከፍተው ሰው ሁለት አሠራር አቀረበለት፤ አንዱ እንደ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ማንቀሳቀሻ መሣሪያን የሚያስቀድም፣ ሌላው ኢንሰርትን የሚያስቀድም የፊልም ዘይቤ፣ ማለትም የፍሎውብሌድ የቀድሞ አሠራር። የነባር ተጠቃሚዎችን ልማድ ያከበረ፣ በእኔ ግምት ጥሩ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ምርጫ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ ማብሪያ ከሌሎቹ ማብሪያዎች፣ ከተቆለፉ ትራኮችና ከተቧደኑ ክሊፖች ጋር ሁሉ መፈተሽ አለበት፤ ፈታሾቹም በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማስተማሪያ ቪዲዮ የሚያይ ጀማሪ ደግሞ የመምህሩ ስክሪንና የእሱ ለምን እንደሚለያዩ አይገባውም።

ከሁሉ የሚብሰው የተረሳ ሁነታ ነው። ትናንት ማታ ኦቨርራይት ላይ ትቶት የተኛ ሰው ዛሬ ጠዋት ክሊፕ ያንሸራትታል፤ ሥሩ የነበረው ሳይጮህ ይጠፋል። ኖርማል ነባሪ ይሁን የምለው ለዚህ ነው፦ እንቢ የሚል ፕሮግራም ያናድዳል፣ ሥራ ግን አያጠፋም። ደግሞም ለውጥ የሚጠይቀው ሰው ፍላጎት ብዙ ጊዜ ያለ ለውጥ ይሟላል። በኬደንላይቭም በሾትከትም V ፊደል ያስገባል፣ B ፊደል በላዩ ይጽፋል፤ ሁነታውን መንካት አያስፈልግም።

«ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ብዙኃኑ ይወስናል።»

እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚሰራጩበት የጂፒኤል ፈቃድ ኮዱን የማየት፣ የመቀየርና የማከፋፈል መብት ይሰጣል፤ የድምፅ መስጫ ካርድ አይሰጥም። የሚወስነው ኮዱን የሚጽፈውና ከዓመታት በኋላም ስሕተቱን የሚያርመው ነው። ተጠቃሚ አቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ኬደንላይቭ እ.ኤ.አ. በ2022 የ15,000 ዩሮ ግብ ይዞ ገንዘብ ሲያሰባስብ ግቡን አሳክቷል፤ ቃል ከተገቡት ነገሮች አንዱ የሆነው በአንድ ፕሮጀክት ብዙ ታይምላይን የመያዝ ችሎታም በ23.04 መጥቷል። ገንዘብ ለሌለውም መንገድ አለ። «ይህ ሁነታ አይረባም» ከሚል ይልቅ የትኛውን እትም እንደሚጠቀም፣ በየትኛው ትራክ ላይ ምን እንደጎተተ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ገንቢዎቹ ሊሠሩበት የሚችሉትን ነገር ይሰጣቸዋል።