ጌጅ ምንድን ነው?

«ጌጁ ሞቷል፤ ሙሉ ዳሽቦርዱን ቀይረው» የሚለውን ምክር ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁ። ጌጅ ማለት ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጁንና የሞተሩን ሙቀት መጠን በቀስት የሚያሳየው መሣሪያ ነው። ምክሩ የተሰጠው ለአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ባለቤት ነው። የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት በአንድ ቀን ወደ ላይ ወጥተውበታል። ሁለት ጌጆች ተማክረው በአንድ ቀን አይሞቱም! ሰውየው ግን ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘቡን ሊያወጣ ነበር።

ጌጅ አይለካም። ቀስቱ አንባቢ ብቻ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ አያቱ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ እንደሚያነብ ልጅ ማለት ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም ሞተሩ ላይ የታሰረው የሙቀት ሴንሰር ነው። ሽቦው መልእክተኛ ነው። ጸሐፊው ለተሳሳተው ልጁን መቆጣት ምን ይጠቅማል?

ሁሉም የሚረሳው ልጁ የሚያነብበትን ኩራዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በተሠራው ሦስተኛው ሴሪስ ላንድሮቨር ሁለቱም ጌጆች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለች አንዲት የቮልት ማረጋጊያ ነው። የመኪናው ቮልት ሞተሩ ሲነሣ ከ12 ወደ 14 ቢወጣም፣ እርሷ ለጌጆቹ በአማካይ 10 ቮልት ብቻ ታደርሳለች። ልጁ ሁለቱንም ደብዳቤ የሚያነበው በዚህች ብርሃን ነው። ብርሃኗ ከጠፋ ሁለቱም ቀስቶች ከታች ይተኛሉ፤ የማረጋጊያዋ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው የብረት አካል ጋር ያላት የኤሌክትሪክ ግንኙነት፣ ከላላ ደግሞ ሁለቱም ከልክ በላይ ከፍ ይላሉ። «ጌጁ ሞቷል» ያልከው ወንድሜ፣ የዚያ መኪና ሕመም አንዲት የላላች ብሎን ነበረች።

የተሳሳተው አንድ ጌጅ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ጸሐፊው ሂዱ። ቁልፉን ከፍታችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ስትነቅሉ ቀስቱ መውረድ፣ ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል ማሳ ስታስነኩት መውጣት አለበት። እነዚህ ቀስቶች በሙቀት የሚሠሩ ስለሆኑ ይዘገያሉ፤ ታገሡ። ቀስቱ ከታዘዘ ጌጁም ሽቦውም ጤነኞች ናቸው፤ ሴንሰሩን ወይም የራሱን ማሳ ፈትሹ። በአሮጌ የጄነራል ሞተርስ መኪኖች የነዳጁ ነገር ተገላቢጦሽ ስለሆነ ይህን ሕግ በጭፍን አትውሰዱ። የነዳጁን ሽቦ ስትፈትሹም የነዳጅ ሽታ ባለበት ቦታ ብልጭታ አትፍጠሩ።

ሌላም አለ፤ ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። የሙቀት ሴንሰር የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሞተሩ እየነደደም ቀስቱ «ቀዝቃዛ» ሊል ይችላል። የሙቀት ቀስቱ በድንገት ከወረደ መኪናውን አቁሙና፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ።