ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ፣ እና ሌሎች ስለ ፒክአፕ ነዳጅ የሚወሩ ስህተቶች

ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ የምሰማው፣ ሰምቼም የሰለቸኝ አንድ ምክር አለ። "ቁልቁለት ስትደርስ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ልቀቃት፣ ጠብታ ነዳጅ አትበላም።" ሃይሉክስ የያዘውም፣ ዲማክስ የያዘውም፣ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ፒክአፕ የሚነዳውም ይህንኑ ይላል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ማሰብ ተገቢ ነው። የሃይሉክስን 80 ሊትር ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ሞልቶ ሂሳብ የከፈለ ሰው ባያስብ ነበር የሚገርመው። ይህ ምክር ግን ነዳጅ አይቆጥብም፣ ሰውም ይገድላል።

መጀመሪያ ነዳጁን እንይ። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እያለች እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ስለሚያውቅ ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ናፍጣ የለም፣ ዜሮ ነው። ዙሩ ወርዶ ሞተሩ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ መርጨት ይጀምራል። ማርሹን ዜሮ ስታደርጉት ግን ጎማውና ሞተሩ ተለያዩ። ሞተሩ እንዳይጠፋ የራሱን ናፍጣ ማቃጠል አለበት። ከ2.5 እስከ 3 ሊትር የሆነ የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ስለዚህ አልበላችም ያላችሁት ሰዓት ላይ እየበላች ነው፣ በላች ያላችሁት ሰዓት ላይ ደግሞ አትበላም።

አላምንም የሚል ደንበኛ ሲመጣ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክቼ አብሬው እወጣለሁ። ከእንጦጦ ስንወርድ በሦስተኛ ማርሽ እግሩን ያነሳል፣ የሚረጨው የነዳጅ መጠን 0 ላይ ቁጭ ይላል። ዜሮ ማርሽ ያደርጋል፣ ቁጥሩ ወዲያው ብድግ ይላል። ስካነር የሌላችሁም ብትሆኑ ዳሽቦርዱ የወቅቱን ፍጆታ የሚያሳይ ከሆነ እዚያው ታዩታላችሁ።

"የኔ አሮጌ ናት፣ ኮምፒውተር የላትም" የሚለኝም አለ። የድሮ ናፍጣ ሞተርም ቢሆን ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለው የዙር መቆጣጠሪያ እግር ሲነሳና ዙሩ ከፍ ሲል ናፍጣውን ይዘጋል። ይህ ወሬ የመጣው ካርቡሬተር ካላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው። እነሱ ማርሽ ውስጥ ሆነውም ቤንዚን ይስባሉ። አባቶቻችን በእነዚያ መኪኖች ነድተዋል፣ ለዚያ ዘመን ምክሩ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን ፒክአፕ ይዛችሁ የካርቡሬተር ምክር አትከተሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርዱት። ጭነት የያዘች ፒክአፕ በዜሮ ማርሽ ስትለቀቅ የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ውሃ ከጠጣ ደግሞ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ደንበኛዬ ከዚያ ቁልቁለት በኋላ መኪናዋን ሲያመጣልኝ የፊት ዲስኮቹ ሰማያዊ ሆነው ነበር፣ ሸራውም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። መታጠፊያው ጋ ገደሉ ሳይሆን ተራራው በኩል ስለነበር ተርፏል። "ጋሼ፣ ስንት ሊትር ቆጠብክ?" አልኩት። መልስ አልነበረውም። ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አሉ፣ እነሱ መሪው ይከብዳቸዋል፣ የፍሬን አጋዡም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለዚህ ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ስትወርዱ ሞተሩ ይይዛታል፣ ያውም ያለ ነዳጅ።

ለጥ ባለ፣ በጣም ቀስ ባለ ቁልቁለትስ? እዚያ በዜሮ ማርሽ ትንሽ ራቅ ብላ ልትንሸራተት ትችላለች፣ ይህ እውነት ነው። ትርፉ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ድንገት ህጻን ወይም ከብት መንገድ ሲገባ ማርሽ ፍለጋ መጀመር የሚያመጣውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አታድርጉት።

"የኋላውን ስፖንዳ ብታወርደው አየር ያልፍልሃል" የሚባለውም ልክ አይደለም። ስፖንዳው (የኋላ መዝጊያው) ሲዘጋ ካሶኒው (ዕቃ የሚጫንበት ሳጥን) ውስጥ አየር ይሽከረከርና እንደ ክዳን ይሆናል፣ ከላይ የሚመጣው አየር በእሱ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ስታወርዱት ያ ይበተናል። ዝጉት።

"ጠዋት በብርድ ቅዳ፣ ነዳጁ ይወፍራል።" የማደያ ታንከር መሬት ውስጥ ነው፣ ጠዋትና ከሰዓት ሙቀቱ ብዙም አይለይም።

ነዳጅ መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ሰልባትዮ ውስጥ የሚጨመር እንክብል፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ የዚህ ዓይነት ዕቃዎችን ፈትኖ ጥቅም ያገኘባቸው ጥቂቶቹን ነው፣ እሱም ትንሽ። ገንዘባችሁን ያዙ።

"ጠዋት ሩብ ሰዓት ካላሞቅካት ሞተሩ ይጎዳል።" አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ሞተር ቶሎ የሚሞቀው ሲጎትት ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስቶ መቀመጥም ያው ነው፣ ሁለት ሰዓት ከቆማችሁ ልትቀዱ ከመጣችሁት ላይ እስከ ሁለት ሊትር አቃጠላችሁ ማለት ነው።

ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ መቀላቀልን በተመለከተ ግን በትዕግስት ማውራት ያቅተኛል። "ይቀጥንና ቶሎ ይቃጠላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል" ይላሉ። ናፍጣ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ዘይትም ነው። የአሁኖቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ ጨምቀው ነው የሚረጩት፣ በዚያ ግፊት ላይ ድርቅ ያለ ነገር ሲገባ ብረቱ ብረቱን ይበላዋል። ብናኙ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ከዚያ ፖምፓ፣ አራት ኢንጀክተር፣ የመስመር እጥበት ትከፍላላችሁ። በሊትር ሲለካ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ያነሰ ጉልበት እንዳለውም እወቁ። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ልምድ ያለው ቢሆን፣ ቀላቅል ካላችሁ እምቢ በሉ።

"ፊልትሮ ቀይር፣ ነዳጅ ይቀንስልሃል።" የአየር ፊልትሮ መቀየር አለበት፣ በተለይ ኮረኮንች ላይ ለሚውል። የቆሸሸ ፊልትሮ ግን በዘመናዊ ሞተር ላይ በዋናነት የሚቀንሰው ጉልበት ነው፣ የነዳጅ ለውጡ እምብዛም አይታይም። ፊልትሮ ቀይራችሁ ፍጆታው ካልተስተካከለ መካኒኩን አትውቀሱት፣ ጎማችሁን አስለኩ። ብዙ ፒክአፕ ወደ እኔ የሚመጣው ጎማው በጣም ጎድሎ ነው። ጎሚስታው በዓይን አይቶ "ይበቃል" ይላል፣ ባለቤቱም ያምናል። በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ባዶና ጭነት ሲኖር ስንት መሞላት እንዳለበት የተጻፈው እዚያ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይግል ይለካ።

ትልቅ ጎማ የቀየራችሁ ደግሞ ሌላ ጉድ አለባችሁ። ባለ 17 ቸርኬ ሆኖ የጎማ ቁጥሩ 265/65 የነበረውን 265/70 ስታደርጉት የጎማው ዙሪያ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቆጣሪው ይህን አያውቅም። 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 967 ገደማ ይጽፋል። ጎማው ራሱ ሊከብድና ትንሽ ነዳጅ ሊጨምር ይችላል፣ "ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ነዳጅ በላች" ከምትሉት ውስጥ ግን ከፊሉ የቆጣሪ ስህተት ነው።

በአራቱም ጎማ የምትጎትት መኪና ይዞ የፊት ጎማዎቹን ሎክ አድርጎ አስፋልት ላይ የሚነዳውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የላንድክሩዘር ፒክአፕ የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ነገር አለች። ጭቃው ሲያልቅ ወርዳችሁ ወደ ፍሪ መልሷት። የውስጡ ማርሽም ከአራት ጎማ ይውጣ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማም ነዳጅም ይበላል።

ከሁሉም የሚበልጠውን ነዳጅ የሚወስደው ግን ቀኝ እግር ነው። ፒክአፕ ፊቷ ሰፊ ነው፣ የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከ90 ወደ 120 ስትወጡ የአየር ግፊቱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የምታተርፉት 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት) ካላችሁና ባዶ ከሆነ አስፈቱት።

ፍጆታ ስትለኩም ደርሶ መልስ ለኩ። "ወደ አዳማ ስትሄድ ደህና ነበረች፣ ስትመለስ ትጠጣለች፣ ኢንጀክተር እይልኝ" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። ሁለት ቶን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ናፍጣ ይሄዳል። ሰልባትዮውን ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፣ ሂዱና ተመለሱ፣ በዚያው ማደያ እንደገና ጢም አድርጋችሁ ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉት። ያ ቁጥር በእጃችሁ ሲኖር ወደ ጋራዥ ኑ፣ ያኔ ስለ ኢንጀክተር እናወራለን።