ከድሮ የአሜሪካ ገጠር ሱቆች የተረፉ ማስታወቂያዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ከምስማር እስከ ሻይ ቅጠል፣ ከጨርቅ እስከ መድኃኒት የሚገዛው ከአንድ ሱቅ ነበር። ጄኔራል ስቶር ይሉታል። ብዙ ቦታ ፖስታ ቤቱም እዚያው ነው። ብስኩቱ በበርሜል ይመጣል፣ ባለሱቁ እየመዘነ ይሸጣል፣ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ግን ፋብሪካዎች ዕቃቸውን አሽገው በስማቸው መሸጡን ተያያዙት፤ ናሽናል ቢስኪት የተባለው ኩባንያ በ1898 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ዩኒዳ የሚባለውን ብስኩቱን እርጥበት በማያስገባ እሽግ ሲያወጣማ ነገሩ ለየለት። ደንበኛው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ስሙን ጠርቶ እንዲጠይቅ ስሙ ዓይኑ ሥር መሆን ነበረበት። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ለባለሱቆች ታፔላ፣ ትሪ፣ ቴርሞሜትርና የቀን መቁጠሪያ ያድሉ ጀመር። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እነዚህን ነው።

ለኔ የሁሉም አውራ የዳይመንድ ዳይስ ሣጥን ነው። የቨርሞንቱ ዌልስ ሪቻርድሰን ኩባንያ በዚህ ስም የጨርቅ ማቅለሚያ በትንንሽ ፓኬት ይሸጥ ነበር። ሣጥኑ የእንጨት ነው፤ በሩ ላይ ሥዕል የታተመበት ቆርቆሮ አለ፣ ሲዳሰስ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። አንደኛው ሥዕል ሴትን ከሕፃንነት እስከ እርጅና ያሳያል። በሩ ሲከፈት ውስጡ በትንንሽ ክፍሎች ተሸንሽኗል፣ ለየቀለሙ አንድ አንድ።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። አብዛኛው አሜሪካዊ ጥሬ ቡና ገዝቶ እንደኛው ቤቱ ይቆላ ነበር። በ1860ዎቹ የፒትስበርጎቹ አርባክል ወንድማማቾች ቆልተው፣ መዓዛው እንዳይጠፋ እንቁላልና ስኳር ቀብተው፣ በወረቀት አሽገው ማቅረብ ጀመሩ። በኋላ እሽጉ ውስጥ ባለቀለም ካርድ ጨመሩበት፤ በ1889 የወጡት የግዛቶች ካርታ ነበረባቸው። ሰው እንዲህ ዓይነቱን ካርድ አልበም ላይ ይለጥፍ ስለነበር ዛሬ ብዙው ጀርባው ላይ ሙጫ አለበት።

ከታፔላ ውዱ የኢናሜሉ ነው። የብርጭቆ ዱቄት ብረት ላይ ተነስንሶ በእሳት ይጋገራል፣ ለየቀለሙ እንደገና። ፀሐይና ዝናብ አይበግረውም፣ ድንጋይ ሲመታው ግን ይፈነከታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙው ለብረቱ ሲባል ተሰብስቦ ቀለጠ፤ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፌኩ ደግሞ ሞልቷል። አድራሻው ላይ ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ ፖስታ የአካባቢ መለያ ቁጥር) ካለ ከ1963 ወዲህ የተሠራ ነው፣ አለቀ። በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን የ1890 ሣጥን ላይ ካያችሁ አንድም በኋላ ተጠግኗል፣ አንድም አዲስ ነው፤ ያ ብሎን በ1930ዎቹ ነው የመጣው። ኮካ ኮላ ትሪ ላይማ በተለይ ጠንቀቅ በሉ፣ በ1970ዎቹ በገፍ ተባዝቷል።

ከካርዶቹና ከቆርቆሮዎቹ መሃል ጥቁር አሜሪካውያንን የሚያዋርድ ሥዕል ያለባቸውም ብዙ ናቸው። እነዚህን ለጌጥ ግድግዳ ላይ መስቀል ነውር ነው እላለሁ። ሚሺጋን፣ ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጂም ክሮው (የአሜሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት መጠሪያ ነው) ሙዚየም ግን ሰብስቦ ዘረኝነት እንዴት የዕለት ተዕለት ነገር እንደነበር ያስተምርባቸዋል፣ ይህ ትክክለኛ ቦታቸው ነው።

ያገኛችሁትን ዕቃ ደግሞ እባካችሁ እንደገና አትቀቡት። ዝገቱና ጭረቱ እንዳለ ሲሆን ነው ሰብሳቢ የሚፈልገው፤ ወረቀቱን ግን ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታ አርቁት።