«ሽማግሌ ይዞታል» እያላችሁ ሦስት ወር አታሳልፉ፦ ስለ ሠራተኛ መብት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ብታስተናግዱ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ብትሰፉ፣ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ አልጋ ብታነጥፉ፣ የሚመለከታችሁ ሕግ አንድ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ብዙ ሰው መብቱ የሚቀርበት ከወዲያ ከወዲህ የሰማውን አምኖ ስለሚቀመጥ ነው። በተለይ ደግሞ ጊዜው ስለሚያልፍበት።

«ውል አልፈረምኩም፣ ምን ይዤ እከሳለሁ?»

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ደሞዙን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ የሠራተኛው መብት አይነካም። ደሞዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ አለቃ የላከው የስልክ መልእክት፣ ባጅ፣ አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የብዙ ድርጅት ሰነድ ጠፍቷል። «ፋይልህ የለም» የተባላችሁ፣ አብሽሩ፤ በሌላ ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል።

«ሽማግሌ ይዞታል፣ ምን ያስቸኩላል?»

ብዙ ወሎዬ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የኛ ሰው መካሰስ አይወድም። አባጋሮቻችን፣ ማለትም የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ደም የሚያደርቁ ናቸው፤ የደሞዝ ጠብ እንዴት ያቅታቸዋል? ሽምግልናውን እኔም እወደዋለሁ። ሕጉ ግን ሽማግሌ ተቀመጠ ብሎ የመክሰሻ ጊዜውን መቁጠሩን አያቆምም።

ከሥራ ያለአግባብ ተሰናብቼ ልመለስ የሚል ሰው መክሰስ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። ለቀረ ደሞዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለመሳሰለው ክፍያ ደግሞ 6 ወር አለው። እስቲ አስቡት። ሰውየው መስከረም 10 ተባረረ። ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ተላከ። አለቃው አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። ኅዳር ላይ ተቀምጠው «እናስብበት» አለ። ከዚያ «ከገና በኋላ እንነጋገር» ሆነ። ገና ሲመጣ ታህሣሥ 10 አልፏል፤ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት ቀረ። የቀረው ገንዘቡን መጠየቅ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ መጋቢት።

ቆጠራውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት ሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነው። አሠሪው መብታችሁን በግልጽ ካመነም ይቋረጣል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። ስለዚህ ክሱን ክፈቱ፣ ሽምግልናውም ይቀጥል። ስትታረቁ ስምምነቱን ለችሎቱ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል።

«የሰበርሽው ከደሞዝሽ ይቆረጣል»

ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሂሳብ ጎደለ፣ ወር መጨረሻ ላይ ፖስታው ቀለለ። አሠሪ በራሱ ፈቃድ እንዲህ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሚያደርገው)፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በአንድ ላይ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። 3,600 ብር የምታገኝ አስተናጋጅ ፈርማ ብትስማማ እንኳ ከ1,200 ብር በላይ አይቆረጥባትም። ለመፈረም አትቸኩሉ።

«የወር ደሞዝተኛ ኦቨርታይም የለውም»

አለው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ በአሠሪው ትእዛዝ ከተሠራ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓት ክፍያው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። 5,200 ብር ደሞዝ ለ26 ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 25 ብር ነው። ያ ሰው በበዓል አንድ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ 62 ብር ከ50 ያገኛል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ።

«ሙከራ ላይ ነህ»

ሙከራ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ግማሽ ዓመት የሠራ ሰው «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ ያለማስጠንቀቂያ አይሰናበትም።

«አርግዛለች፣ ትሰናበት»

እርግዝና የማሰናበቻ ምክንያት አይሆንም። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፤ ከነደሞዙ።

«አዋጁ ሠራተኛ ለተባለ ሁሉ ነው»

የመንግሥት መምህርና የጤና ባለሙያ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የሚተዳደሩት። የቤት ሠራተኞችንም አዋጁ አያቅፍም። ከሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ልዩ ደንብ ያስፈልጋቸዋል። ያም ሆኖ ውላቸው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። ደሞዟን የተከለከለች ልጅ በመደበኛው ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች።