በውቅያኖስ ገደል ደለል ውስጥ ያለው ሕይወት ምንድን ነው?

ውቅያኖስ በጣም በሚጠልቅበት ቦታ፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ጭቃ አለ። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ የፀሐይ ብርሃን ደርሶበት የማያውቅ ጭቃ። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ። የሚኖሩትም እየተፍጨረጨሩ ብቻ አይደለም፤ ከእነሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋው የባሕር ወለል ላይ ካሉት ዘመዶቻቸው ይልቅ በቁጥርም ይበዛሉ፣ በሥራም ይበረታሉ። ብዙዎቻችን ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ሕይወት እየመነመነ ሄዶ የሚጠፋ ይመስለናል። እዚህ ግን ምግቡን የሚያመጣው ራሱ ጥልቀቱ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ሁለት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ሲገፋፉ አንዱ ከሌላው ሥር ይጠልቃል። ሰሌዳው ጎንበስ ብሎ በሚገባበት መስመር ላይ ረጅምና ጠባብ ገደል ይፈጠራል። ባለሙያዎቹ ትሬንች ይሉታል፣ እኔ ገደል እያልኩ እቀጥላለሁ። አብዛኞቹ በፓስፊክ ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ ናቸው፦ ማሪያና፣ ኬርማዴክ፣ አታካማ፣ የጃፓን ገደል፣ ኩሪል-ካምቻትካ። ከ6,000 ሜትር በታች ያለው ቀጠና ደግሞ ሄዳል ይባላል። ስሙ የመጣው የጥንት ግሪኮች የሙታን ዓለም ገዥ ከሚሉት ከሄዲስ ነው። ስሙ ለቦታው አይገባውም ባይ ነኝ።

ሙታን የሚለው ሐሳብ ግን ድሮም ነበረ። በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ550 ሜትር ገደማ በታች በባሕር ውስጥ ሕይወት የለም ብሎ ገምቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1951 ጋላቴያ የተባለችው የዴንማርክ የምርምር መርከብ ከፊሊፒንስ ገደል፣ ከ10,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ወለል፣ ደለል አወጣች። መርከቧ ላይ የነበረው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ክላውድ ዞቤል ናሙናውን ወደ 1,000 ከባቢ አየር በሚጠጋ ግፊት ውስጥ (1 ከባቢ አየር ማለት በባሕር ጠለል ላይ አየሩ የሚያሳድርብን ግፊት ነው) መልሶ ሲያስቀምጠው ባክቴሪያዎቹ አደጉ። በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ግፊት እንዴት አይጨፈልቃቸውም? በየ10 ሜትሩ በወረድን ቁጥር ግፊቱ በ1 ከባቢ አየር ገደማ ይጨምራል። ቻሌንጀር ዲፕ በሚባለው የማሪያና ገደል ጥልቁ ቦታ ላይ ከ1,000 ያልፋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ከ1 ቶን በላይ እንደ መጫን ነው። ነገር ግን የእነዚህ ተሕዋስያን ውስጥ በውሃ የተሞላ ነው። አየር የያዘ ክፍት ቦታ ስለሌላቸው የውስጡና የውጩ ግፊት እኩል ይሆናል። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው፤ የሕዋሱ ሽፋን የተሠራበት ስብ በግፊትና በብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል። ሽፋኑ ከረጋ ምግብ ማስገባትም ሆነ ቆሻሻ ማስወጣት ይቸግራል። ለዚህ መላ አበጅተዋል። በቀላሉ የማይረጋ፣ እንደ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ዓይነት ስብ በሽፋናቸው ውስጥ ያበዛሉ።

አንዳንዶቹ እንዲያውም ግፊቱን ከመልመድ አልፈው ያለሱ መኖር አይችሉም። ካይኮ የተባለው የጃፓን ሰው አልባ ጠላቂ በ1996 ከቻሌንጀር ዲፕ፣ ከ10,898 ሜትር ጥልቀት፣ ጭቃ አምጥቶ ነበር። ከዚያ ጭቃ ውስጥ የተለየችው ሞሪቴላ ያያኖሲ የተባለችው ባክቴሪያ ከሁሉ ይበልጥ የምታድገው በ800 ከባቢ አየር ገደማ ነው፤ ግፊቱ ከ500 ገደማ በታች ከወረደ ማደጓን ታቆማለች። እኛ የምንኖርበት አየር ለእሷ ባዶ በረሃ ነው።

እሺ፣ ግፊቱን ቻሉት። ምን ይበላሉ ታዲያ? ብርሃን የለም፣ ስለዚህ ተክል የለም። ምግቡ ሁሉ ከላይ ነው የሚወርደው። የሞቱ አልጌዎች፣ የእንስሳት እዳሪ፣ የበሰበሰ ብጥስጣሽ ሁሉ ተጣብቆ እንደ በረዶ ብናኝ ቀስ እያለ ይዘንባል፤ የባሕር በረዶ ይሉታል። መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እየበሉት ስለሚመጣ፣ ወለል የሚደርሰው ላይ ከተመረተው እጅግ ጥቂቱ ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን ጥልቁ ገደል ከሁሉም በላይ የተራበ ቦታ መሆን ነበረበት።

አይደለም። ገደሉ እንደ ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ ጎኖቹ ወደ መሀል ያዘነበሉ፣ ታቹ ጠባብ። በጎኖቹ ላይ ያረፈ ጭቃ እዚያ አይቆይም፣ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይሰበሰባል። ሰሌዳዎቹ በሚገፋፉበት ቦታ ላይ ስለሆንን ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አይጠፋም። አንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ ከዳገቱ ላይ ብዙ ደለል አራግፎ በአንድ ጊዜ ታች ያፈሰዋል። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የተገኘው በጃፓን ገደል ነው። በመጋቢት 2011 ከደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ 4 ወር በኋላ ከ7,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ወለል ሲታይ አዲስ የተከመረ ደለል ተገኘ። ጭቃው ውስጥ ደግሞ መንቀጥቀጡን ተከትሎ ከደረሰው የፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ የወጣ፣ ሲዚየም-134 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። ይህ ንጥረ ነገር በ2 ዓመት ገደማ ግማሹ ስለሚጠፋ ከድሮ የቀረ ነው ሊባል አይችልም። በ4 ወር ውስጥ ከባሕሩ ገጽ ተነሥቶ ገደሉ ታች ደርሷል ማለት ነው።

ይህ የተሰበሰበ ምግብ በተሕዋስያኑ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት በ2013 የታተመው ነው። የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲው ሮኒ ግሉድና ባልደረቦቹ ራሱን ችሎ የሚሠራ መሣሪያ ወደ ቻሌንጀር ዲፕ አወረዱ፣ ለማነጻጸር ደግሞ 6,000 ሜትር ገደማ ወደሆነ ወለል። መሣሪያው ቀጫጭን መርፌዎችን ቀስ እያለ ወደ ጭቃው አስገብቶ ኦክስጅን በየጥልቀቱ ምን ያህል እንደቀረ ይለካል። ጭቃውን አውጥቶ መርከብ ላይ መለካት አይቀልም ነበር? ይቀላል፣ ግን ውጤቱ አይታመንም። ጭቃው ሲወጣ ግፊቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ተሕዋስያኑም ይጎዳሉ ወይም ይሞታሉ። ስለዚህ እዚያው፣ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ መለካት ነበረበት። ጥልቁ ቦታ ላይ ኦክስጅኑ 2 እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት ሲፈጅ ተገኘ። የተሕዋስያኑ ብዛትማ 10 እጥፍ ገደማ ነበር። ኦክስጅን መፍጀት ማለት መተንፈስ ነው፣ መተንፈስ ደግሞ ምግብ ማቃጠል ነው። ታች ያሉት በደንብ እየበሉ ነው።

ኦክስጅኑ የሚደርሰው የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት በሌላ ነገር ይተነፍሳሉ፤ በናይትሬት፣ ቀጥሎ በማንጋኒዝና በብረት፣ ከዚያም በሰልፌት። ስለዚህ ጭቃው ፎቅ ቤት ይመስላል፣ በየፎቁ የተለየ ነዋሪ፣ የተለየ አተነፋፈስ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ አሞኒየምንና ናይትራይትን አገናኝተው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ በአታካማና በኬርማዴክ ገደሎች ይህን ሥራ በብዛት ሲሠሩ ታይተዋል። ከሁሉም በታች አርኬያ የሚባሉት፣ ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች፣ ሚቴን ያመርታሉ።

ሚቴኑም ዝም ብሎ አይቀርም። ፌንዶውዠ የተባለው ሰው የሚይዝ የቻይና ጠላቂ በኩሪል-ካምቻትካና በአሉሺያን ገደሎች እስከ 9,533 ሜትር ወርዶ ያየው ውጤት በ2025 ሲታተም፣ ወለሉ ላይ ቱቦ ሠርተው የሚኖሩ ትሎችና ባለ ዛጎል እንስሳት ተሰባስበው ይታያሉ። ኑሯቸው ከደለሉ በሚወጣው ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ላይ የተመሠረተ ነው። ሚቴኑ የመጣው ጭቃ ውስጥ ከተቀበረው የበሰበሰ ነገር በተሕዋስያን ሥራ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በማሪያና ገደልና በአካባቢው ከ7,500 በላይ የተሕዋስያን ዝርያዎችን በዘረ መል ለይቶ፣ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ከዚያ በፊት ተመዝግበው እንደማያውቁ አሳይቷል። ከ10ሩ 9ኙ ማለት ነው!

ተሕዋስያኑ የበሉት ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሁሉን ግን አይጨርሱትም። ደለሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚከመር ከፊሉ ሳይበላ ይቀበራል፤ ከተቀበረው ውስጥ የተወሰነው በሚጠልቀው ሰሌዳ ላይ እንደተጫነ፣ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር እየተጓዘ፣ ወደ ምድር ሆድ ይገባል።