የመኖሪያ ፈቃድ ምንድን ነው? ለሥራ የመጣ የውጭ ዜጋ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ወረቀት

ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል፣ የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኬንያ ሼፍ ቀጠርን። ቦሌ ሲያርፍ ቪዛ አምጣ ያለው ሰው አልነበረም፤ ኬንያውያን ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «ሼፍ፣ ገና ነው፤ ፈቃድ አላወጣንም» አልኩት። ግራ ገባው። «ያለ ቪዛ አስገብተውኝ የለም እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከስንቱ ሰምቼዋለሁ፤ ከቀጣሪዎችም ጭምር። ስለዚህ ከመሠረቱ ልጀምር።

ቪዛ መግቢያ ነው። የሥራ ፈቃድ አንድን የተወሰነ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ያንን ሥራ የያዘ ሰው እዚህ ሀገር በሕጋዊ መንገድ እንዲኖር የሚያስችለው ነው። ሁለቱንም «ፈቃድ» እያልን ስለምንጠራቸው ይምታታሉ። «ፈቃዱ ወጣለት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የትኛውን እንደሆነ አይለይም። የሚሰጡትም የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች የሥራ ፈቃዱን በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል ያወጣሉ።

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ መኖሪያው። የመኖሪያ ፈቃዱ በሥራ ፈቃዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የጨበጠ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይከተላል።

የሥራ ፈቃዱ ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆነ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንኛውም የውጭ ዜጋ እዚህ ሀገር ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ፈቃዱ ለአንድ ዓይነት ሥራ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ሚኒስቴሩ ሰውየው ለዚያ ሥራ አያስፈልግም ብሎ ካመነ ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል። የኢንቨስትመንት አዋጁ፣ ቁጥር 1180/2012፣ ደግሞ ነገሩን ከሌላ በኩል ያጠናክረዋል። ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያ የሚቀጥረው ተመሳሳይ ችሎታ ያለው ኢትዮጵያዊ በማይገኝበት ቦታ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥም አሠልጥኖ በኢትዮጵያዊ መተካት አለበት።

ይህች «መተካት» የምትባለዋ ነገር ለእኔ የጉዳዩ ልብ ናት። ብዙ ቀጣሪ እንደ ፎርማሊቲ ያያታል። ከማመልከቻው ጋር የተተኪውን ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ዓመቱ ዞሮ እድሳት ሲመጣ «ምን አስተማራችሁት?» ሲባል ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። እኛ ለሼፉ ተተኪ አድርገን ያስመዘገብናት ልጅ ሽንኩርትና ድንች ክፍል ላይ ነበረች። ሼፉን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፦ «እሷ ካላወቀች የአንተም ወረቀት አይታደስም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾርባ የሚቀምሰው እሷን አስቀምሶ ነው። በየሳምንቱ ያሳያትን በደብተር ይጽፍልኛል፤ ስጋ አቆራረጥ፣ የሶስ አሠራር፣ የእቃ ማዘዣ አያያዝ። በእድሳቱ ጊዜ ያ ደብተር ከየትኛውም ሪፖርት በላይ ጠቀመን። ሕጉ የሚፈልገው ነገር በእውነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ከሠራተኛው በኩል ፓስፖርት፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ ይጠየቃል። ከቀጣሪው በኩል የሥራ ውል፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። የውጭ ሀገር የትምህርት ማስረጃ ዝም ብሎ አይያዝም። መጀመሪያ በመጣበት ሀገር፣ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ተረጋግጦ፣ ከዚያ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይሄኛው ሰው ከሀገሩ ሳይነሳ ማለቅ ያለበት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ዲግሪን መልሶ ናይሮቢ ወይም ዴልሂ መላክ ጊዜ ይበላል፤ ገንዘብም ይበላል።

ከሁሉ በላይ ግን ስም ላይ ተጠንቀቁ። ይህን በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት።

ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ለብቻው ከላይ፣ የሰውየው የራሱ ሁለት ስሞች ከታች ተጽፈዋል። እኛ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያልን መደርደር ለምደናል። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቤተሰብ ስሙን መሃል አስገባሁት፣ ሁለተኛ ስሙን መጨረሻ ላይ። የሥራ ፈቃዱም እኔ በጻፍኩት መሠረት ወጣ። ለመኖሪያ ፈቃዱ ፋይሉን ይዤ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱንና የሥራ ፈቃዱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ፊደል በፊደል ተከተለችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እህቴ፣ ሁለት ሰው ነው እኮ ያመጣሽልኝ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ደብዳቤ እንደገና፣ ማኅተም እንደገና፣ ማመልከቻ እንደገና። ፖስታ ቤት አካባቢ ካለው ኮፒ ቤት ጋር ያን ሰሞን ቤተሰብ ሆንን። ሦስት ሳምንት ሄደ።

አሁን የማንንም ስም የምጽፈው ከፓስፖርቱ ግርጌ ካሉት ሁለት በማሽን የሚነበቡ መስመሮች ላይ እያየሁ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከዚያ የራሱ። ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆንም ስሙን በቅንፍ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል እደግመዋለሁ።

ቀን ላይም እንዲሁ ነው። የሥራ ውሉ በፈረንጆች ይፈረማል፣ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር ይወጣል። 2016 የሚል ቀን ያየ እንግዳ ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ይመስለዋል፤ በተቃራኒው ደግሞ ገና ጊዜ አለኝ ብሎ የሚዘናጋ አለ። እኔ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ፣ የማለቂያውን ቀን የሠራተኛው ስልክ ላይ አስጭነዋለሁ። በሥራ ቪዛ የገባ ሰው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። 30 ቀን ብዙ ይመስላል። በዓል፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የሲስተም መቆራረጥ ሲቀነስለት ግን የቀረው ትንሽ ነው። ጊዜው ካለፈ በየቀኑ እየተቆጠረ የሚከፈል ቅጣት አለ። ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ነው የሚደርስበት።

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ እየሠሩ ቆይቶ ማስተካከል ይቻላል የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ያጋጥማችኋል። አትስሙት። የቱሪስት ቪዛ ለሥራ አይሆንም፤ ችግር ሲመጣ የሚያዘው አስፈጻሚው ሳይሆን ሠራተኛው ነው።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ሰዎችም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ ሰው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ የመኖሪያ ፈቃድም የሥራ ፈቃድም አያስፈልገውም። ከአሜሪካ የመጣች አንዲት የማርኬቲንግ ባለሙያ ስንቀጥር እኔ ለሥራ ፈቃድ ፋይል ስከፍት እሷ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚያው አለቀ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው የኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ እና በአፍሪካ ኅብረት የሚሠሩ ሰዎች ጉዳያቸው የሚያልቀው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ነው። ስደተኞች ደግሞ የራሳቸው አዋጅ አላቸው፣ ቁጥር 1110/2011፤ የመሥራት መብታቸው የሚታየው በዚያ ነው።

የትዳር ጓደኛና ልጆች በሠራተኛው በኩል ይኖራሉ። ሚስት ወይም ባል መሥራት ከፈለጉ ግን የራሳቸውን የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። የሼፉ ባለቤት መምህርት ናት። እኔ ጋ ባሏን ይዛ መጥታ ስትጠይቀኝ «አይቻልም» ማለት ከብዶኝ ነበር። «ቀጣሪ ፈልጊ፣ ቀጣሪው ያመልክትልሽ» ነው ያልኳት፤ መንገዱም እሱ ነው።

ሰዉ የሚሳሳትበት የመጨረሻው ነገር ሥራ መቀየር ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለሥራውና ለቀጣሪው እንጂ ሰውየው በኪሱ ይዞት እንዲዞር አይደለም። ሥራ ሲለቅ የቀድሞው ፈቃድ ይመለሳል፣ አዲሱ ቀጣሪ ከቀድሞው ቀጣሪ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጋር በራሱ በድርጅቱ ስም እንደ አዲስ ያመለክታል። እዚህ ላይ ነው አንዳንድ ቀጣሪ ሰው የሚበድለው። መልቀቂያውን ይይዝበታል። «ሥራውን አስረክብ፣ ከዚያ እናያለን» እያለ ያመላልሰዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ፓስፖርቱን ለአደራ ብለው የሚወስዱም አይቻለሁ። ፓስፖርቱ የሰውየው ነው፤ እሱ ጋ ይቀመጥ። ኮፒው ለፋይል ይበቃል።

ሼፉ ሦስት ዓመቱን ጨርሶ ሲሄድ መልቀቂያውን የጻፍኩለት ከመጨረሻ የሥራ ቀኑ አሥር ቀን አስቀድሜ ነው። ስሙን ከፓስፖርቱ ግርጌ እያየሁ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር።